የፈርዖን ቤት ዓይኖች

ባለፈው ጥቅምት ደብረ ብርሃን ቤቴ ደጃፍ ፀሐይ እየሞቅሁ ምስር ስለቅም ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነበር። "እማማ አስካለ ነዎት?" አለች አንዲት ሴት። እማማ መባሉን ገና በቅጡ አልለመድኩትም፤ ቢሆንም ነኝ አልኳት።

"ሕይወት እባላለሁ፣ የመሐል ሜዳው የአቶ ደምሴ ልጅ። የአባቴ ሕንፃ ግድግዳው ተሰነጠቀ። ግንበኞቹ ልስኑን አራግፈን በሴራሚክ እናልብሰው ይላሉ። እኔ ደግሞ እርስዎ ሳያዩት ማንም እንዳይነካው ብያለሁ።"

እመጣለሁ አልኳት። ስልኩን ዘግቼ ወደ ምስሩ ስመለስ ግን እጄ ሥራውን ትቶት ነበር፤ የለቀምኩትን ካልለቀምኩት ጋር ደባልቄ ቁጭ አልኩ።

መንዝ ውስጥ ያለችውን መሐል ሜዳን የሚያውቅ ሰው ያንን ሕንፃ ያውቀዋል። ከገበያው በላይ የቆመ ባለ አንድ ፎቅ የንግድ ቤት ነው፤ ታች ሱቆች፣ ላይ የሚከራዩ ክፍሎች አሉት። እስከዚህ ድረስ ምኑም አያስገርምም። የሚያስገርመው መልኩ ነው። ግድግዳው ከታች ሰፍቶ ይነሣና ወደ ላይ ሲሄድ ወደ ውስጥ ያጋድላል። ከበሩ ግራና ቀኝ አራት ወፋፍራም ዓምዶች አሉ፤ ወገቡ ላይ የታሰረ የሸንበቆ ነዶ ይመስላሉ፣ ጫፋቸው ላይ ያልፈነዳ አበባ ተቀምጧል። ከበሩ በላይ ክንፍ ያላት ፀሐይ ተዘርግታለች። ባለቤቱ "ካይሮ የንግድ ቤት" ብሎ በትልቁ አስጽፎበት ነበር፤ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ግን ማን በዚያ ይጠራዋል? ከግሼ ለገበያ የሚመጣው ሰው ሳይቀር ገና ግድግዳው ከመሬት ብቅ ሲል "የፈርዖን ቤት" አለው፤ ስሙ በዚያው ጸና።

ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመታት ቢሆነው ነው። ሰው ሁሉ አዲስ ነገር መጀመር ያማረው ጊዜ ነበር፤ ቆርቆሮ የሌለው ቆርቆሮ ይመታል፣ ጭቃ ቤት የነበረው ድንጋይ ይጠርባል። እኔ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ በዚያች ከተማ በብሩሽ የምታድር ሴት ከእኔ ሌላ አልነበረችም።

ሙያውን ያገኘሁት ከአባቴ ነው። አባባ፣ መሪጌታ ገብረ ኪዳን፣ ሞላሌ አጠገብ ባለች ደብር የሚያገለግሉ ሠዓሊ ነበሩ። ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው ቀለም መፍጨቱን፣ ሸራውን በሙጫ ማጠንከሩን፣ መስመር መጣሉን ለእኔ አስተማሩኝ። ከሁሉ በፊት ያስተማሩኝ ግን ስለ ዓይን ነበር። ጻድቅ ሲሣል ፊቱ ወደ እኛ ይዞራል፤ ሁለቱም ዓይኖቹ ይታያሉ። ክፉው፣ ሰይጣንም ሆነ ይሁዳ፣ በጎን ነው የሚሣለው፤ አንድ ዓይን ብቻ ነው ያለው። "ደግ ሰው የሚሸሽገው ነገር የለም፤ ሙሉ ፊቱን ይሰጥሻል" ይሉኝ ነበር። አገሬው ሁሉ ይህን ያውቃል። ፊደል ያልቆጠረው እንኳ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ማን ጻድቅ፣ ማን ኃጥእ እንደሆነ ከዓይኑ ይለያል።

ካደግሁ በኋላ ነገሩ ተበላሸ። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሚያርፈው መቅደሱ ግድግዳ ላይ ነው፤ እዚያ ደግሞ ሴት አትቆምም። አባባ አንድ ቀን ብሩሹን ከእጄ ወስደው "በቃሽ፤ እንግዲህ ትዳር ያዢ" አሉኝ። እልኸኛ ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ። መሐል ሜዳ ሄጄ አንዲት ክፍል ተከራየሁና ታፔላ መሣል ጀመርኩ። ለሥጋ ቤቱ በሬ፣ ለጸጉር አስተካካዩ ጎፈሬውን ያበጠረ ጎረምሳ ሣልኩ። የእኔ በሬዎችም ሁለት ዓይን ነበራቸው፤ ምን በደሉ? አባባ ይህን ሲሰሙ "ሙያዬን ወስዳ ሥጋ ቤት ሰቀለችው" ማለታቸውን ሰዎች ነገሩኝ። ሁለት ዓመት ሳንነጋገር ቀረን። በዚያው መሃል ዓይናቸውን ሞራ ጋረደውና ሥዕሉን ተዉት። ይህንንም የሰማሁት ከሰው ነው። ልጠይቃቸው እየፈለግሁ እግሬ እምቢ አለኝ።

ጋሽ ደምሴ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። በደርግ ዘመን በሱዳን በኩል ወጥቶ ግብፅ ገብቶ፣ ዘጠኝ ዓመት እዚያ ኖሮ የተመለሰ ሰው ነው። ሲስቅ ትከሻው የሚንቀጠቀጥ፣ ሲቆጣ ግን ጆሮው የሚቀላ። አራት ላይ የታጠፈ የካላንደር ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው። የጥንት ግብፆች ሥዕል ነበር፤ ነዶ የተሸከሙ፣ እንስራ የያዙ፣ ወንበር ላይ የተቀመጠች አንዲት ሴት።

"እነዚህን ግድግዳዬ ላይ ትቀርጪልኛለሽ" አለኝ። "ቀለም አልፈልግም፣ ይለቃል። ሲሚንቶው ላይ ይቀረጽ።"

"ለምን ግብፅ፣ ጋሽ ደምሴ?"

"ያኖሩኝ እነሱ ናቸዋ! ካይሮ ስገባ ሦስት ቀን እህል አልቀመስኩም ነበር። አንዲት ሴት፣ ኡም ሰይድ ትባላለች፣ የሕንፃ ዘበኛ የነበረ ባሏ የሞተባት። ቋንቋ አላውቅ፣ ሆዴን በእጄ አሳየኋት። ባቄላ በዳቦ አበላችኝ፣ ደረጃ ሥር ያለችውን የባሏን ክፍል ለቀቀችልኝ። ዘጠኝ ዓመት ልጄ ስትለኝ ኖረች። ያንን አገር እዚህ ካላቆምኩት ሰው አይደለሁም።"

ካላንደሩን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። እኔም ቃሉን በልቤ ያዝኩት።

ግንበኛው በላቸው ይባላል፤ ሥራውን አክባሪ፣ አፉ ግን የማያርፍ። ግድግዳውን እንዲያጋድል አድርጎ መገንባቱ ሕመም ሆኖበት ነበር። "ሃያ ዓመት በቱምቢ ቀጥ አድርጌ ስገነባ ኖሬ፣ ዛሬ አጣመህ ሥራ ተባልኩ" እያለ አላፊ አግዳሚውን ያስቃል። ጋሽ ደምሴ ለበርና ለመስኮቱ ብረትና መስታወት ሊገዛ አዲስ አበባ ሲወርድ፣ ካላንደሩን ለእኔ፣ ግድግዳውን ለሁለታችን ትቶልን ሄደ። በበሩ ግራና ቀኝ አሥራ ሁለት ሰዎች፣ ቁመታቸው ቆሞ ለሚያያቸው ሰው የሚመጥን።

በላቸው ጠዋት ጠዋት ለአንድ ሰው የሚበቃ ሲሚንቶ ይለስናል፤ እኔ ሳይደርቅ በምስማርና በሻይ ማንኪያ እፈለፍላለሁ። የጥቅምት ውርጭ አዲስ ልስን ያፈነዳል። ስለዚህ ሥራ ስናቆም የማዳበሪያ ከረጢት እንሰቅልበትና የበላቸውን የሱፍ ባና ከላይ እናለብሰዋለን። "እኔን ብርድ ይምታኝ፣ ፈርዖን ይሙቀው" ይላል በላቸው። ረፋዱ ላይ በሶ በጥብጠን እንጠጣለን። ከማሳው የደረሰ ገብስ ሽታ ከነፋሱ ጋር ይመጣል፤ ጣቴ ከሲሚንቶው የተነሣ ተሰነጣጥቆ ጨው ሲነካው ያንገበግበኝ ነበር። እንደዚያ ደስ ብሎኝ የሠራሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

የመጀመሪያውን ሰው እንደ ካላንደሩ አድርጌ ቀረጽኩ። ትከሻው ወደ እኛ፣ እግሩ ወደ ጎን፣ ፊቱ ወደ ጎን። ልጨርስ ስል የሱፍ ፈትል ለገበያ ያመጣች አንዲት ባልቴት ከኋላዬ ቆመች። አየችና አማተበች።

"ልጄ፣ ምን ቢበድሉ ነው?" አለችኝ።

"እነማን፣ እማማ?"

"እኒህ። አንድ ዓይን ብቻ የሰጠሻቸው።"

ምስማሩ እጄ ላይ ቀረ። ካላንደሩን አንሥቼ አየሁት። ሁሉም በጎን፤ ሁሉም ባለ አንድ ዓይን። ወረቀት ላይ ሳያቸው የአገራቸው አሣሣል ነው ብዬ አልፌው ነበር። ግድግዳ ላይ፣ ያውም በእኔ እጅ፣ በእኛ አገር ሲሆኑ ግን ሌላ ነገር ሆኑ። ባቄላ ያበላችው ሴት፣ ክፍል የለቀቀችው ሴት፣ ከይሁዳ ጎን ልትሰለፍ ነው። ገበያተኛው ሁሉ በፊቷ እያማተበ ሊያልፍ ነው።

"በላቸው፣ እንደገና ለስንልኝ" አልኩት።

አካሉን አልነካሁም፤ አቋቋሙም ልብሱም የግብፅ እንደሆነ ቀረ። ፊቱን ብቻ አዞርኩት። ሁለት ትልልቅ ዓይኖች፣ አባባ እንዳስተማሩኝ፣ ቅንድቡ እንደ ቀስተ ደመና የጎበጠ። ከዚያ ወዲያ አሥሩንም እንዲሁ አደረግሁ። ወንበር ላይ የተቀመጠችዋን ሴት ሁለት ቀን ሙሉ ደከምኩባት። አሥራ ሁለተኛው ቦታ፣ በሩ ጥግ፣ ገና ባዶውን ሳለ ጋሽ ደምሴ ተመለሰ።

መስታወቱን ከጭነት መኪና እያወረዱ ሳለ ቀና ብሎ ግድግዳውን አየ። ጆሮው ሲቀላ አየሁ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ግብፆቹ ናቸው፣ ጋሽ ደምሴ።"

"እኔ ግብፅን አላውቃትም? ግብፅ እንዲህ ናት? ወደ ጎን የሚያይ ሰው ስንት ዓይኑ ነው የሚታየው?"

"ደግ ከሆነ ሁለት" አልኩት። ሞኝ ብሆን ነው እንጂ ያን ሰዓት መልስ አይሰጥም።

"አዲስ አበባ ድረስ ስንቱን ሰው 'ኑና እዩ፣ ልክ እንደ ካይሮው ነው' ብያለሁ! መሳቂያ አደረግሽኝ። በላቸው፣ ነገ ገበያ ነው፤ ሰው ወጥቶ ሳያየው በማለዳ በመዶሻ አራግፈው። አንቺም ዕቃሽን ሰብስቢ።"

ዕቃዬ አንድ ምስማርና አንድ የሻይ ማንኪያ ነበር። ክፍሌ ገብቼ አለቀስኩ። የከተማው ትልቁ ግድግዳ ላይ የሠራሁት ከተራገፈ ማን ዳግመኛ ታፔላ ያሠራኛል? ሞላሌ ተመልሼ አባቴ ደጅ መቆም ነው የሚቀረኝ። እሳቸው ደግሞ ቀድመው "በቃሽ" ብለውኝ ነበር።

ማለዳ ስሄድ በላቸው መዶሻውን ይዞ ቆሟል፤ ግን አልጀመረም። "ክንዴን አሞኛል" ይላል፣ ጋሽ ደምሴ ሲጮህበት። "ሲሚንቶው ጠንክሮ ልብ ገዝቷል" ይላል። ያመመው ነገር አልነበረም፤ እድሜ ይስጠው። እንዲህ ሲጨቃጨቁ የሞላሌ አውቶቡስ ቆመና ረዳቱ አንድ ነጭ የጠመጠሙ ሽማግሌ ክንዳቸውን ይዞ አወረደ። አባባ ነበሩ።

ወሬው ቀድሞኝ ሞላሌ ደርሶ ኖሯል። "ልጅዎ ፈርዖንን በአደባባይ ቀርጻ ገበያውን ታስፈራራለች" ብለዋቸው፣ ሊገሥጹኝ መምጣታቸው ነው። ጉልበታቸውን ስሜ ስነሣ ፊታቸው ወደ እኔ አልዞረም።

"ፈርዖን የታለ?" አሉ።

"አባባ፣ ፈርዖን አይደለም..."

"አሳዪኝ።"

"መሪጌታ፣ ለእርስዎ መቼም አይታይዎትም" አለ ጋሽ ደምሴ፣ ንዴቱ ሳይበርድለት።

"እጅ አለኝ" አሉ አባባ። "ምሪኝ፣ አስካለ።"

ስሜን በአፋቸው ከሰማሁ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበር። እጃቸውን ይዤ የመጀመሪያው ሰው ፊት አቆምኳቸው። መቋሚያቸውን ለበላቸው ሰጥተው ከእግሩ ጀመሩ። ቁርጭምጭሚቱን፣ ባቱን፣ መታጠቂያውን ዳሰሱ። "እግሩን በጎን አድርገሽዋል" አሉ በቁጣ። ትከሻው ላይ ደረሱ፣ አገጩ ላይ ደረሱ። ከዚያ ጣታቸው ቆመ። ግራውን ዓይን ዞሩት። ቀኙን ፈለጉ፤ አገኙት። ወደ ሁለተኛው ሄዱ፣ ወደ ሦስተኛው ሄዱ። ገበያተኛው ሸቀጡን መሬት አውርዶ ከቦ ያያል። አሥራ አንደኛው ላይ ሲደርሱ ግንባራቸው ወዝቶ ነበር።

"ሁሉም ሁለት ሁለት ናቸው" አሉ። "ማን አዘዘሽ?"

"ማንም አላዘዘኝም፣ አባባ። ጋሽ ደምሴን በስደት ያበሉ፣ ያስጠለሉ ሰዎች ናቸው። በጎን ላደርጋቸው እጄ እምቢ አለኝ።"

አባባ ወደ ጋሽ ደምሴ ድምፅ ዞሩ። "ልጄ፣ እውነት ነው? አብልተውሃል?"

"አብልተውኛል፣ መሪጌታ። ግን የግብፅ ሥዕል እንዲህ አይደለም።"

"እሱን አላውቅም። ይህ ወር ጽጌ ነው፤ ሌት ተቀን የምንቆመው ለስደቷ ነው። እመቤታችን ልጇን ይዛ ከሄሮድስ ስትሸሽ የወረደችው የት ነው?"

"ግብፅ።"

"ያገሩ ሰው ሁሉ ባለ አንድ ዓይን ቢሆን ኖሮ ማን ውሃ ያጠጣት ነበር? አንተንስ? ይህ ቤት የሚቆመው ካይሮ ላይ ነው ወይስ መንዝ ላይ? መንዝ ላይ በጎን ካቆምካቸው፣ እነዚህ ሰዎች በደሉኝ ብለህ ላገሩ ሁሉ መናገርህ ነው። ልጄ ግን አመሰገነችልህ።"

ልጄ አሉ። እዚያ ሁሉ ሰው መሃል።

ጋሽ ደምሴ ካላንደሩን በእጁ እንደያዘ ወንበር ላይ ወደተቀመጠችው ሴት ሄደ። "ይህቺ ማን ናት?" አለኝ ቀስ ብሎ።

"ኡም ሰይድ ብዬ ነው የሠራኋት።"

ብዙ ጊዜ ቆሞ አያት። "ታየኛለች" አለ። የጆሮው ቅላት ጠፍቶ ነበር።

"መዶሻውን ላስቀምጠው?" አለ በላቸው። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ አባባም ሳቁ።

"ግን በዘጠኝ ዓመት አንድም ክፉ ሰው አላጋጠመህም?" አሉት አባባ፣ መቋሚያቸውን እየተቀበሉ።

ጋሽ ደምሴ ካላንደሩን አራት ላይ አጥፎ ኪሱ ከተተ። "አንድ አለ።"

"እንግዲያው እሱን በጎን ትቅረጸው። ሥርዓቱ ይሟላል።"

አሥራ ሁለተኛውን በማግሥቱ ቀረጽኩት። ጋሽ ደምሴ ከአጠገቤ አልተለየም። ሻንጣ እንዲይዝ፣ ፊቱ ወደ በሩ፣ ጀርባው ወደ ሴትዮዋ እንዲሆን አዘዘኝ። ማን እንደሆነ ብጠይቀው አልነገረኝም። ከተማው ግን ዝም አላለም፤ ደላላ ነው ያለ አለ፣ ፖሊስ ነው ያለ አለ፣ ተከራዮቹ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

አባባ የዚያን ዕለት ክፍሌ ገብተው የጾም ሽሮ በሉ። "ጨው በዝቶበታል" አሉ እንጂ ስለ ግድግዳው ምንም አላሉም። ሁለት ሳምንት ቆይቶ የሞላሌ አውቶቡስ ረዳት በጆንያ የተጠቀለለ ነገር ተሸክሞ በሬ ላይ መጣ። "ሴትዮ፣ አባትሽ ድንጋይ ልከውልሻል፤ መሐል ሜዳ ድንጋይ ጠፋ?" እያለ ያማርራል። የአባባ ቀለም መፍጫ ድንጋይ ነበር፤ ከመምህራቸው የወረሱት፣ መሃሉ በብዙ ዘመን የጎደጎደ። ቃል አልላኩበትም። ጆንያውን ታቅፌ አለቀስኩ፤ ይህኛው ለቅሶ ግን ደስ ይል ነበር። ስድስት ዓመት ኖረው እስኪያርፉ በየበዓሉ ሄድኩ፤ የሠራሁትን ሁሉ እየነገርኳቸው፣ እሳቸው እያረሙኝ። ልጆቼን ያሳደግሁት በዚያ ሙያ ነው። ከዚያ ግድግዳ በኋላ ማንም ሥራ ከልክሎኝ አያውቅም።

ሕይወት በደወለች በሦስተኛው ቀን በሚኒባስ መሐል ሜዳ ደረስኩ። ሕንፃው አርጅቷል፤ አንዱ ዓምድ አበባው ወድቋል። ስንጥቁ ግን አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ በሩ ጥግ፣ ባለ ሻንጣው ሰው አንገት ላይ። ፊቱ ሊረግፍ ደርሷል። የሌሎቹ ደህና ነበር። በላቸው ዛሬ በሕይወት ቢኖር "ባናዬ ነው ያዳናቸው" ይል ነበር።

"እማማ አስካለ" አለችኝ ሕይወት፣ "አባቴ አምና ሊሞት ሲል ነግሮኛል። ያ ባለ ሻንጣ ሰው እሱ ራሱ ነው።"

ቀና ብዬ አየኋት።

"ወደ አገሩ የሚመለስበት የመግቢያ ወረቀት ሲደርሰው ኡም ሰይድ ታማ ተኝታ ነበር። ላስታምም ብል እቀራለሁ ብሎ ፈራ። አንድ ማለዳ ሻንጣውን ይዞ፣ ደህና ሁኚ ሳይላት ወጣ። በሰው ሲያስጠይቅ በዚያው ወር ሞታለች አሉት። ይህን ቤት የሠራላት ለዚያ ነው። እኔ ግን አባቴ እንደዚያ ሆኖ እንዲቀር አልፈልግም።"

ጋሽ ደምሴን አስታወስኩት፤ ከአጠገቤ ቆሞ ጀርባው ወደ እሷ ይሁን እያለ ሲያዘኝ። በየማለዳው ሱቁን ሲከፍት ራሱን እያየ ሲያልፍ ኖሯል። ያን ዕለት ሥራዬን ሳያስፈርስ ባይተውልኝ፣ አባባን ባይሰማ፣ ዛሬ እማማ ተብዬ የምጠራ ሠዓሊ አልሆንም ነበር። ይህን አንድ ቀን እንኳ በአፌ አልነገርኩትም። ሁልጊዜ ሌላ ጊዜ እያልኩ።

አንድ ወጣት ግንበኛ የተሰነጠቀውን ፊት አራግፎ አዲስ ሲሚንቶ ለሰነልኝ። ምስማርና የሻይ ማንኪያ አስመጣሁ። ወገቤ እንደ ድሮው አይታዘዘኝም፤ እጄ ግን አልረሳም። ሻንጣውን አልነካሁበትም፤ የሄደ ሰው ነው፣ መሄዱ እውነት ነው። ፊቱን ብቻ ከበሩ መለስኩት። አባባ ይቆጡኝ ይሆን ብዬ አሰብኩ። ሥርዓቱን የማያፈርሱ ሰው ነበሩ። ግን ለአንዲት ሴት ምስጋና ብሎ ቤት የሠራን ሰው እሳቸውም በጎን አይተዉትም።

ስጨርስ ዓይኔን ጨፈንኩና ገና እርጥብ በሆነው ፊት ላይ ጣቴን ቀስ አድርጌ አሳለፍኩ። ግራውን ዞርኩት። ቀኙን ፈለግሁ።

አገኘሁት።